የደም ደቦ

"መንሽ ይዞ መግባት አይቻልም!" አለ ዘበኛው፣ የብረት በሩን በጀርባው ደግፎ።

ከበሩ ውጭ አስራ አንድ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። የአስራ አንዱም ትከሻ ላይ መንሽ አለ፤ አንደኛው እንዳይጎድል ብሎ የእህል ማዝሪያ ላይዳም ጨምሮበታል። ከኋላቸው የቆመው የሙሐመድሳኒ አይሱዙ ሞተሩ ገና አልቀዘቀዘም። ሙሐመድሳኒ ቁይ በምትባለው የገጠር ከተማ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው ጭኖ ደብረ ማርቆስ ያደረሳቸው እሱ ነው።

"አውድማው ከግቢው ውስጥ ነው?" ሲል ጠየቀ ኃይለ ሚካኤል፣ በዘበኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ።

ዘበኛው ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ቀና ብሎ አነበበ። ሳይነግሩት ለውጠውት እንደሆነ ማረጋገጥ ፈልጎ ነው። አልተለወጠም። "የምን አውድማ? ደም ባንክ ነው ይኼ!"

አስራ አንዱም ራሶች ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ያ ሰው ደቦውን የጠራው ገብረ ማርያም ነው። ገብረ ማርያም በቁይ ዙሪያ ስሙ የተጠራ ክምር ከማሪ ነው። እሱ የከመረው ጤፍ ውስጥ አንዲት የዝናብ ጠብታ ገብታ አታውቅም፤ ገብታለች የሚል ካለም አንድ ቀን ሙሉ ሲከራከረው ይውላል። ምላስ አጥሮት የማያውቅ ሰው ነበር። ዛሬ ግን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተነሣ፤ አስፋልቱ ላይ ወጡ፤ አስፋልቱ አልቆ ማርቆስ ገቡ፤ እሱ ግን እስካሁን አልተናገረም።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። ሚስቱ ይመኙሻል የማሕፀኗ በር ላይ እጢ በቅሎባት ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታለች። ለጨረር ሕክምና ሰባት ወር ወረፋ ጠብቃ፣ አዲስ አበባ ተራዋ ለሌላው ሳምንት ሰኞ ደርሷል። ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ደሟን ቢለካው ሰባት ሆኖ ተገኘ። ከአስር በላይ ካልሆነ ጨረሩን ብትወስደውም የሚገባውን ያህል አይሠራላትም፤ አራት ከረጢት ደም እስከ ሐሙስ ያስፈልጋታል፤ ካልተገኘ ተራው ለሌላ ታማሚ ያልፋል አለ። ደም ባንኩን የሚሞሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው፤ ተማሪዎቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ወጥተው መደርደሪያው ሳስቷል።

"ጨረሩ ጨረር ነው። ደም ምን አገባው?" አለ ገብረ ማርያም።

ይህን ሐኪሙን አራት ጊዜ ጠይቆት ስለነበር ማስረዳቱ ለልጁ ለሔዋን ተላለፈ። ሔዋን እዚያው ማርቆስ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የአባቷን ጥያቄ የለመደች ናት። ከሆስፒታሉ ግቢ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ጨረሩ እጢውን የሚገድለው ኦክስጅን ሲያግዘው ነው። ኦክስጅን ማለት ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሥጋችን የሚኖርበት ነገር ነው። እስከ ደም ስሩ ድረስ ደም ተሸክሞ ያመጣዋል። ከደም ስሩ ከወጣ በኋላ ግን በሥጋው ውስጥ የሚሄደው በራሱ ነው።"

"ማንም ሳይነዳው?"

"ማንም ሳይነዳው። ከበዛበት ወደ አነሰበት እየሰረገ ይሄዳል። ችግሩ፣ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይበላዋል። የመጀመሪያው ይወስዳል፣ ቀጥሎ ያለው ይወስዳል። የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል እንደ ሄደ ያልቃል።"

"ሁለት ፀጉር!" አለ ገብረ ማርያም ተናዶ። "ምኑን ሄደ ይባላል ታዲያ!"

"ጤነኛ ሥጋ ውስጥ የደም ስር በየቦታው ስላለ ይበቃል። እጢው ግን ያለ ሥርዓት፣ ተቻኩሎ ነው የሚያድገው፤ የደም ስሩ አይደርስበትም። ለደም ስሩ የቀረበው ይተነፍሳል፣ የራቀው ይታፈናል። ከታፈነው ገሚሱ ይሞታል። ገሚሱ ግን ያደፍጣል፤ ጨረሩ ሲመጣ የሚተርፈው ያ ያደፈጠው ነው። የእማዬ ደም ደግሞ ቀጥኗል። የሚያመጣው ትንሽ ስለሆነ ገና ከመንገዱ ያልቅበታል።"

 ገብረ ማርያም ጭኑን በጥፊ መታ።

"ክምር ነዋ! እርጥብ ነዶ የገባበት ክምር! ዳሩን ስታዪው ደህና፣ ውስጡ እጅሽን ብታስገቢ የታፈነ። ማን የማይረባ ከማሪ ነው እንዲህ አድርጎ የከመረው?"

"ማንም አልከመረውም፣ አባዬ።"

"እሱማ ያስታውቃል።"

ነገሩ ከገባው በኋላ ግን የሚያስቆመው ጠፋ። ኦክስጅን ነው የጎደለው? ኦክስጅን ይፈለጋል! መጀመሪያ የሚስቱን ክፍል መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው፤ አምስቱም ታማሚዎች በብርድ ልታስጨርሰን ነው ብለው ጮኹበትና ዘጋው። ቀጥሎ ይመኙሻልን አየር በረጅሙ ሳቢ፣ ያዢው፣ አሁንም ያዢው እያለ ሲያለማምዳት ራሷን አዞራትና ነርሷ ከክፍሉ አስወጣችው። ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የኦክስጅን ሲሊንደር አቅፎ ተገኘ።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ብረት መቁረጫ ነው!" አለው በያጁ።

"እኔስ የሚቆረጥ ነገር አጣሁ?"

ሔዋን ክንዱን ይዛ መለሰችው። "አባዬ፣ ሳንባዋ ደህና ነው፤ አየሩም ሞልቷል። የጎደለው ተሸካሚው ነው። ደም ነው ተሸካሚው።"

ገብረ ማርያም ከመንገዱ መሐል ቆመ። "ተሸካሚ ነው የጎደለው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን አትነግሪኝም? ተሸካሚ ሲጎድል ደቦ ይጠራል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል!"

"ጥሩ ነው፤ ይጥሩ። እኔ ጡት ስለማጠባ አልተፈቀደልኝም። እርስዎስ ግን ይሰጣሉ አይደል?"

"እኔማ ባለ ደቦ ነኝ" አለ ገብረ ማርያም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ። "ባለ ደቦ ያስተናግዳል።"

ለዚህ መልስ ምክንያት አለው። ገብረ ማርያም መርፌ ይፈራል። የማጅራት ገትር ክትባት ቀበሌያቸው የመጣ ጊዜ፣ የልጅ አባት የሆነ ሰው፣ ራሱ የከመረው ክምር ጫፍ ላይ ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ አልወርድም ብሏል። ክትባት ሰጪዎቹ ከታች ሆነው ለመኑት፣ ቀጥሎ ሊቀመንበሩ አስፈራራው፤ እሱ ጉልላቱን እያስተካከልኩ ነው እያለ ዋለ። ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም።

ሰኞ ቁይ ተመልሶ ደቦውን ጠራ። በነሱ አገር ለደቦ የተጠራ ሰው ሥራው ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ቀኑን ብቻ ይጠይቃል። "ነገ፤ ማርቆስ" አላቸው። ወሩ ጥር ነው፣ የውቂያ ጊዜ። ሁሉም ማርቆስ አጠገብ የሚያርሰው የሔዋን አማት ጤፍ ሊወቃ ነው ብሎ መንሹን አነሣ። ገብረ ማርያም አላረማቸውም። ደም ብል ማን ይመጣል ብሎ ሰጋ፤ እሱ ራሱ ቢጠራ አይመጣምና። ደንቡ እንዳይጎድል ብሎ ግን አስር ሊትር ጠላ በጀሪካን አስጫነ።

አሁን እነሆ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ገብሬ" አለ ኃይለ ሚካኤል፣ መንሹን መሬት ላይ ተክሎ፣ "የምን ደቦ ነው የጠራኸን?"

"የደም" አለ ገብረ ማርያም። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። "ይመኙሻል ደም አንሷታል።"

አስራ አንዱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷለም የሚባለው፣ ከሁሉም ወጣቱና ግዙፉ፣ "ደሙን የሰጠ ሰው ከዚያ ወዲያ ሞፈር ይይዛል?" ብሎ ጠየቀ።

"የእጢ በሽታ አይደለም እንዴ ያለባት?" አለ ኃይለ ሚካኤል። "ለእጢ ደም ምን ይሠራል?"

ገብረ ማርያም ክምሩን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ አይሱዙው ላይ ተጋድሞ የቀረው ባዶ ጀሪካን ላይ አረፈ።

"ጀሪካኑን ማን ጀመረው?"

"እኔ" አለ አንዷለም። "ከኋላ በኩል ነበርኩ።"

"ከዚያስ?"

"ጠጥቼ ለጎኔ ሰጠሁት። እሱም ጠጥቶ ለጎኑ።"

"ጋቢናው ጥግ ለተቀመጡትስ ደረሰ?"

"ጠብታ አላየንም!" አለ ኃይለ ሚካኤል። ይህን ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ሲያምረው ነበር። "እኛ አራታችን ሽታውን ብቻ ነው የጠጣነው! ለነገሩ ይመኙሻል ያልጠመቀችው ጠላ ምን ያረጋል፤ ቀጭን ነው አሉ።"

"ይኸውልህ!" ብሎ ጮኸ ገብረ ማርያም፤ ዘበኛው ደነገጠ። "እጢውም እንደዚህ ነው! ደሟ የሚያመጣላት አየር ልክ እንደ ጀሪካኑ ነው። የቀረቡት ይጠጡታል፣ የራቁት ሳይደርሳቸው ያልቃል። ጨረሩ ደግሞ ያልጠጣውን አይገድልም፤ ያልጠጣው ተደብቆ ይቆይና በኋላ ይነሣባታል። ሁለት ጀሪካን ጭኜ ቢሆን ኖሮ ጋቢናው ጥግ አይደርስም ነበር?"

"ይደርስ ነበር" አለ ኃይለ ሚካኤል በቁጭት።

"እሷ ያላት አንድ ጀሪካን ነው፤ ያም ቀጥኗል። ሌላ ልንጭንላት ነው የመጣነው። ሰኞ ተራዋ ነው። ካለፋት..." ገብረ ማርያም እዚህ ላይ ቆመ። ካለፋት በኋላ ያለውን እስካሁን ለማንም አልተናገረውም፤ ለራሱም ቢሆን። ቤቱ ያለ እሷ ምን እንደሚመስል ሁለት ሳምንት አይቶታል። አስጠልቶታል።

ከነዚህ ሰዎች መካከል የይመኙሻልን ጠላ ያልጠጣ የለም። ኃይለ ሚካኤል መንሹን ከግንቡ አስደገፈ፤ አስሩም ተከትለው አስደገፉ።

በዚህ መሐል ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። ሲስተር ፈውዚያ ናት፤ የሙሐመድሳኒ ልጅ። የመንሹን ረድፍ አየች፣ አባቷን አየች፣ የመጣችበትን ጥያቄ ተወችው።

"እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አለች። "መጀመሪያ አንድ ነገር፦ ዛሬ መጠጥ የቀመሰ ሰው አለ?"

ሰባት እጆች ወጡ። አንዷለም ሁለቱንም እጁን አወጣ።

"የጠጣ ሰው ዛሬ መስጠት አይችልም።"

"ጠላ እኮ ነው!" አለ አንዷለም።

"ጠላም ቢሆን።"

ገብረ ማርያም ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። በገዛ ጀሪካኑ ሰባት ሰው አበላሸ! ሽታውን ብቻ የጠጡት አራቱ ግን ጋቢናው ጥግ በመቀመጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏቸው ደረታቸውን ነፉ። ፈውዚያ ዕድሜያቸውን ጠየቀች። አንደኛው ሽማግሌ ስድሳ አሉ።

"ስድሳ?" አለ ኃይለ ሚካኤል። "ክርስትና ያነሡኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ!"

ሽማግሌው ሰባ አንድ ሆነው፣ ከስድሳ አምስት በላይ አይፈቀድምና ከሰልፉ ወጡ። ሦስት ቀረ። ገብረ ማርያም ወደ ሙሐመድሳኒ ዞረ።

"አንተስ? አንተ እንኳን ጠላ አትጠጣ።"

ሙሐመድሳኒ ከደረት ኪሱ አንድ የተጣጠፈ ካርድ አወጣ። "ያለፈው ወር ሰጥቻለሁ። ሦስት ወር ካልሞላኝ አይቀበሉኝም።"

"ሰጥቻለሁ? አንተ?"

"ልጄ እዚህ ከገባች ጀምሮ እሰጣለሁ። ያለፈው አስራ አራተኛዬ ነው።"

ገበሬዎቹ ከበቡት። ዓመት ሙሉ ጨውና ሳሙና የሚገዙበትን ሰው ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ አንዱ ክንዱን፣ አንዱ ጉንጩን መረመረ። "ስኳር እየመዘነ ሲያነሣ እኮ አይንቀጠቀጥም" አለ አንዷለም ለሌሎቹ።

"እንግዲህ ሦስት አለን" አለች ፈውዚያ። "አራት ነው የተጠየቀው አይደል?"

ሁሉም ገብረ ማርያምን አዩት። ከዚያ ኃይለ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "በደቦ ደንብ የመጀመሪያውን ነዶ የሚያነሣው ማን ነው?"

"ባለ ደቦው!" አሉ አስሩ በአንድ ድምፅ።

ገብረ ማርያም ዙሪያውን ቃኘ። በግቢው ውስጥ ክምር የለም።

ፈውዚያ ወደ ውስጥ አስገብታ ሚዛን ላይ አቆመችው። ክብደቱ ይጣለኝ ብሎ በልቡ ለመነ፤ ስድሳ ሦስት ሆነ። "ኪሴ ውስጥ ቁልፍ አለ" አለ፤ የሰማው የለም። ግፊቱ ይጥለኛል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ግፊቱ ደህና ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት፤ እሱም ይፈቅዳል። ጣቱን ወግታ ደሙን ስትለካው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

"አስራ ስድስት!" አለች ፈውዚያ። "ጋሼ ገብረ ማርያም፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ደም ነው እኮ ያለዎት!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለአንድ ወር ያወራው ነበር። አሁን ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ መስኮቱን አየ። መስኮቱ ላይ አስራ አንድ ፊት ተደርድሯል። ከአስራ አንዱ ፊት በኋላ ሆስፒታሉ አለ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ይመኙሻል። ፈራ፤ በጣም ፈራ። ግን ሰባት ወር የተጠበቀ ተራ በመርፌ ምክንያት አለፈ ብሎ ለይመኙሻል መንገርን ደግሞ የበለጠ ፈራ።

"ልጄ" አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ልትጀምሪ ስትይ ንገሪኝ። ድንገት እንዳታደርጊው።"

"ከገባ እኮ ቆየ፣ ጋሼ።"

አንድ ዓይኑን ከፈተ። ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከታች አንዲት ትንሽ ከረጢት እየሞላች ትወዛወዛለች። ሌላውን ዓይኑንም ከፈተ።

"ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

ከዚያ በኋላ ገብረ ማርያምን የሚችለው ጠፋ። ኃይለ ሚካኤል ሲገባ ክንዱን እንዴት እንደሚዘረጋ አስተማረው። ሁለቱን ሌሎች አይዟችሁ፣ እንደ ትንኝ ናት፣ አትንቀጥቀጡ እያለ ብስኩቱን ራሱ አደላቸው። ፈውዚያ ስሙን የጻፈችበት ካርድ ስትሰጠውና "ቀጣዩ ሦስት ወር ሲሞላዎት ነው፤ ሚያዝያ ላይ ልመዝግብዎት?" ስትለው ግን እጁን ከኋላው ደበቀ።

"ተይኝ ልጄ። አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከሰጠ ይበቃዋል። ጀግንነትም ልክ አለው።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከይመኙሻል አልጋ ጎን ተቀምጦ ነበር። ከረጢቱ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ይላል። ገብረ ማርያም ዓይኑን ከሱ አልነቀለም።

"የማን ነው?" አለች ይመኙሻል።

"የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኛ እዚያ እናስገባለን፣ ከዚያ የሚስማማሽን መርጠው ያመጣሉ።"

"እኛ?"

እጅጌውን ሰብስቦ ፕላስተሩን አሳያት። ከትናንት ጀምሮ አላነሣውም።

ይመኙሻል ክንዱን አየችው፣ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ቱቦው እየተወዛወዘ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነርሷ ሮጣ መጣች። "ክምሩ ላይ ወጥቶ ያደረው ሰውዬ!" አለቻት ይመኙሻል።

"አላደርኩም፤ ሲመሽ ወርጃለሁ" አለ ገብረ ማርያም። ደስ ብሎታል። እንዲህ ስትስቅ ካያት ወራት አልፈዋል።

ሳቋ በረድ ሲል ጣቶቿን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች።

"ስንት ሰው ነው የመጣልህ?"

"አስራ አንድ። የሰጡት ግን ሦስት ናቸው። የቀሩት ጠጥተው..."

"ደቦ የሚቆጠረው በመጣ ሰው ነው። ቀናቸውን ትተው ነው የመጡት። ሙሐመድሳኒስ? መኪናውስ?"

"እሱን ስትጨምሪው አስራ ሁለት።"

"ታዲያ እንዴት ነው የምትመልሰው? ደቦ እኮ ብድር ነው፣ ገብሬ። የደምን ደቦ በውቂያ ልትመልስ ነው?"

ገብረ ማርያም ይህን አላሰበበትም ነበር። አስራ ሁለት ሰው፤ በየሦስት ወሩ አንድ። በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።

"ሦስት ዓመት ሊወስድ ነው" አለ።

"ሦስት ዓመት ይውሰድ። አንተ የሰጠህ ቀን ባለተራውን ቤት ጠርተን እናበላዋለን። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፤ ያ ቀጭን ጠላ ያሳፈረን ይበቃል።"

ገብረ ማርያም በልቡ ደገመው። ሦስት ዓመት። ሐኪሙን እስካሁን እንዲህ ያለ ቁጥር ለመጠየቅ አልደፈረም ነበር፤ እሷ ግን ጌሾዋን ታስባለች። ተነሣና ጋቢውን አጣፋ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"መጣሁ።"

በሩ ላይ ዘበኛው አወቀው። "ዛሬ መንሽ አልያዙም?" አለው ሳቁን አፍኖ። ገብረ ማርያም ሰላምታውን ሰጥቶት በቀጥታ ወደ ፈውዚያ ጠረጴዛ ሄደ።

"ያን ካርድ አምጪው እስቲ።"

ፈውዚያ ከመሳቢያዋ አወጣችው። እዚያው ከላይ አስቀምጣው ነበር።

"ሚያዝያ ላይ ጻፊኝ" አለ። "በኃይለ ሚካኤል ስም።"

"ጋሼ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የሰጪው ስም ብቻ ነው።"

ገብረ ማርያም ትንሽ አሰበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እንግዲያው እርሳስ ስጪኝ" አለ። "ከጀርባው አስራ ሁለቱንም ራሴ እጽፋቸዋለሁ።"